በልብስ ስር ለመታጠቅ ዋጋው የማይጎዳ፣ በክፉ ቀን የማይከዳ ሽጉጥ እንዴት ይመረጣል?

ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ አካባቢ የሚኖር ሐበሻ ሽጉጥ ልግዛ ብሎ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የቱ ይሻላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ክፋት የለውም፤ ተራው ግን ገና ነው። ከሱ በፊት ወረቀታችሁ ይፈቅዳል ወይ፣ የት የት ይዛችሁ ልትሄዱ ነው፣ ጠቅላላ በጀታችሁስ ስንት ነው የሚሉት አሉ። እነዚህን ሳይመልስ ሱቅ የገባ ሰው ወይ ከአቅሙ በላይ ይገዛል፣ ወይ ትንሽነቷን አይቶ የምታምር ሽጉጥ ይዞ ይወጣና ሁለት ጊዜ ተኩሶባት እጁን ስላሳመመችው ቁም ሳጥን ውስጥ ይረሳታል።

የምጽፈው ሱቅ ዘግቶ በሌሊት ገንዘብ ይዞ ለሚወጣውና ብቻዋን አምሽታ ለምትገባው ነው። ለትርኢት ለሚፈልገው አይደለም። ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከቨርጂኒያ ናቸው፤ ሌላ ስቴት ያላችሁ የራሳችሁን ሕግ ከስቴት ፖሊስ ድረ ገጽ ላይ አንብቡ፣ ሕጉ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል።

1. ወረቀቱ ይቅደም

ፈቃድ ያለው ነጋዴ በፌዴራል ሕግ ሽጉጥ የሚሸጠው 21 ዓመት ለሞላው ሰው ነው። ዜጋ መሆን ግዴታ አይደለም፣ ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በሥራ ቪዛ የመጣ ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር አይችልም። ወረቀት የሌለው ሰው የጓደኛውን ሽጉጥ እንኳ መያዝ የለበትም። የአሳይለም ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ሰው ደግሞ ቡና ቤት የሚወራውን ትቶ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠይቅ።

ሱቅ ስትገቡ ፎርም 4473 ይሰጧችኋል። እያንዳንዷን ጥያቄ አንብባችሁ ሙሉ፣ ምክንያቱም እዚያ ላይ መዋሸት ራሱን የቻለ ከባድ ወንጀል ነው። ብዙ ሰው የሚሰናከልባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ። አንደኛ፣ ማሪዋና በስቴታችሁ ቢፈቀድም ፎርሙ የሚጠይቃችሁ በፌዴራል ሕግ ነው፤ ተጠቃሚ የሆነ ሰው አይገዛም። ሁለተኛ፣ በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት ሰው፣ ጥፋቱ ቀላል ወንጀል ተብሎ የተመዘገበ ቢሆንም እንኳ፣ ይከለከላል። ሦስተኛው የኛ ሰው በደግነት የሚገባበት ነው፤ «ወንድሜ ወረቀቱ ስላልደረሰ በስሜ ልግዛለት» ማለት። ይሄ ከ2022 ጀምሮ እስከ 15 ዓመት እስር የሚያስፈርድ የፌዴራል ወንጀል ነው። ዝምድና አያድንም።

ገና ዜጋ ላልሆናችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ከጦር መሣሪያ ጋር የተያያዘ ፍርድ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ለዲፖርቴሽን የሚዳርግ ምክንያት ነው። ለዜጋ በጥቂት ወራት እስር የሚያልፍ ጥፋት እናንተን ቦሌ ሊያወርዳችሁ ይችላል።

2. የምትውሉበትን ካርታ አስቡ

ቨርጂኒያ ውስጥ ሽጉጥን በልብስ ስር ደብቆ ለመታጠቅ ፈቃዱን የሚሰጠው የምትኖሩበት አካባቢ ሰርኪት ኮርት ነው። ክፍያው ከ50 ዶላር አይበልጥም፣ ፈቃዱ ለ5 ዓመት ያገለግላል። ሥልጠና መውሰዳችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ኦንላይን ብቻ የተወሰደ ኮርስ አይቀበሉም፣ በአካል መገኘት ግድ ነው።

ይሄ ፈቃድ ግን ከድልድዩ ወዲያ አይሠራም። ዲሲ የቨርጂኒያን ፈቃድ አይቀበልም፣ ሜሪላንድም የማንንም ስቴት ፈቃድ አይቀበልም። አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሰው ሰው ሊያደርስ ዩኒየን ስቴሽን ሲሄድ ሽጉጡን ወገቡ ላይ እንደረሳ ፖሊስ ቢያስቆመው፣ ዲሲ ውስጥ ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መታጠቅ እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ነው። ሁለቱም ቦታ የራሳቸው ፈቃድ አላቸው፣ ለነዋሪ ላልሆነም ይሰጣሉ፣ ግን ረዘም ያለ ሥልጠና ይጠይቃሉ። ሜሪላንድ ነዋሪ ከሆናችሁ ደግሞ ለመግዛት ብቻ አንድ የተለየ ላይሰንስ አለ፣ ለመታጠቅ ሌላ። ከዚያም በላይ ሱቁ የሚሸጠው ስቴቱ ባጸደቀው ዝርዝር ላይ ያለውን ሞዴል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ልባችሁ አንዱ ላይ ከመውደቁ በፊት ዝርዝሩን እዩ።

በተቃራኒው ቴክሳስ ከመስከረም 2021፣ ጆርጂያ ከሚያዝያ 2022 ወዲህ ያለ ፈቃድ መታጠቅ ይቻላል (እነዚህ ወሮች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዳላስ ወይም አትላንታ ያላችሁም ቢሆን ፈቃዱን አውጡት እላለሁ፣ ሌላ ስቴት ስትሄዱ የሚረዳችሁ እሱ ነው።

ኡበርና ሊፍት የምትነዱ፦ ሁለቱም ካምፓኒዎች ሹፌር መሣሪያ ይዞ እንዳይነዳ ይከለክላሉ። ሕጉ ቢፈቅድም አካውንታችሁ ይዘጋል። ፖስታ ቤትና የፌዴራል መሥሪያ ቤት ለማንም አይፈቀድም፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ የአየር ማረፊያ ተርሚናልም እንዲሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ፈቃድ ያለው ሰው ሽጉጡን ደብቆ መጠጥ የሚሸጥ ሬስቶራንት መግባት ይችላል፣ መጠጣት ግን አይችልም። ጥብሱን ብሉ፣ ቢራው ይቅር።

3. በጀቱን በሙሉ አስሉት

«400 ዶላር አለኝ» ያለ ሰው የ400 ዶላር ሽጉጥ መግዛት የለበትም። ሒሳቡ በግርድፉ እንዲህ ነው። ደህና ሆልስተር (የሽጉጥ ማኅደር) ከ40 እስከ 80 ዶላር፣ ጠንካራ ቀበቶ 50 ገደማ፣ መለማመጃ 300 ጥይት ከ90 እስከ 110፣ የመታጠቂያ ጥይት ከ40 እስከ 60፣ ሥልጠና 100 አካባቢ፣ ፈቃድ እስከ 50፣ የሚቆለፍ ሣጥን ከ40 እስከ 100። ሽጉጡን ሳትነኩ 450 ዶላር ገደማ አለፈ ማለት ነው። ስለዚህ ጠቅላላ 800 ዶላር ያለው ሰው ለሽጉጡ ከ350 በላይ አያውጣ። የ300 ዶላር ሽጉጥ ይዞ 500 ጥይት የተለማመደ ሰው፣ የ700 ዶላር ይዞ አንድም ቀን ካልተኮሰው በብዙ ይበልጣል።

4. ጥይቱ 9 ሚሊ ሜትር ይሁን

እዚህ ብዙ አልቆይም። 9 ሚሊ ሜትር ሉገር ግዙ። ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፣ ግፊቱ ይቻላል፣ ኤፍቢአይ ራሱ ከትልልቆቹ ወደ 9 ተመልሷል። አገር ቤት ማካሮቭ የለመዳችሁ ልብ በሉ፣ የማካሮቭ 9 እና ይሄ አንድ አይደሉም፤ ጥይታቸው አይቀያየርም።

እጅ ላይ ሕመም ወይም ድካም ላለበት ሰው ብቻ 380 የሚባለው ትንሽ ለስለስ ያለ ጥይት አማራጭ ነው። ግን ተጠንቀቁ፤ 380 የምትተኩስ በጣም ቀላል ሽጉጥ 9 ከሚተኩስ ከበድ ያለ ሽጉጥ ይልቅ እጅ ልታሳምም ትችላለች።

5. መጠኑ፦ በጣም ትንሽ አትግዙ

የጀማሪ ሁሉ ስሕተት እዚህ ነው። ለመደበቅ ትንሿ ትሻላለች ብሎ 300 ግራም የምትመዝነውን ይመርጣል። ሽጉጥ በቀለለ ቁጥር ወደ ኋላ የሚገፋው ይበረታል፣ እጀታው ባጠረ ቁጥር ትንሿ ጣት መያዣ ታጣለች፣ አፈሙዙ ባጠረ ቁጥር ማነጣጠር ይከብዳል። እጅ ካልጠነከረ ደግሞ ትንንሾቹ ሽጉጦች ተኩሰው ቀለህ በደንብ ሳይተፉ ሊነክሱ፣ ማለትም ተቀርቅረው ሊቆሙ ይችላሉ።

ልብስ ስር ጎልቶ የሚታየው የሽጉጡ አፈሙዝ ሳይሆን እጀታው ነው። አፈሙዙ ሱሪ ውስጥ ይገባል፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢረዝም ማንም አያይም። እጀታው ግን ጎንበስ ስትሉ ሸሚዙን ይወጥረዋል። ስለዚህ ስትመርጡ የእጀታውን ቁመት ለኩ፤ ሦስት ጣት ሙሉ የሚያስይዝ፣ ክብደቱ ባዶውን ግማሽ ኪሎ የሚጠጋ፣ አፈሙዙ 3 ኢንች ከፍ የሚል ለአብዛኛው ሰው ልክ ነው። ወፍራም ጃኬት የሚያዘወትር ግሎክ 19ን የሚያህል መካከለኛ ሽጉጥም መደበቅ ይችላል። ከሁሉ በቀላሉ የሚተኮሰውም እሱ ነው።

6. ሞዴሎቹ፣ በኔ ፍርድ

ዋጋዎቹ ግምታዊ ናቸው፣ እንደ ሱቁና እንደ ወቅቱ ከፍ ዝቅ ይላሉ።

ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ ፕላስ። አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ለአብዛኛው ሰው የምመርጠው ይሄን ነው። በ2021 ወጣ፣ ከ2012 ጀምሮ ከተፈተነው የመጀመሪያው ሺልድ የመጣ ነው፣ እንደ ካርታው (ጥይት የሚሞላበት ተነቃይ ክፍል) ርዝመት 10 ወይም 13 ጥይት ይይዛል። ቃታው ጥሩ ነው፣ ዋጋው ከ400 እስከ 500 ዶላር ነው፣ ሆልስተሩም የትም ይገኛል። የእጅ መቆለፊያ ያለውም የሌለውም አለ።

ግሎክ 43ኤክስ። 10 ጥይት፣ እጀታው ረዘም ያለ ስለሆነ ትልቅ እጅ ላለው ይስማማል፣ 450 ዶላር አካባቢ። የሚያስደንቅ ነገር የለውም፣ እሱም ነው ጥሩነቱ። ውጫዊ መቆለፊያ እንደሌለው ግን እወቁ። ለማጽዳት ሲፈታም ቃታ መሳብ ይጠይቃል፤ ባዶ መሆኑን ሳያይ የሳበ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ይባርቅበታል።

ሲግ ፒ365። በ2018 ሲወጣ በዚያ መጠን 10 ጥይት መያዙ ገበያውን የቀየረ ነው። የመጀመሪያዎቹ ምርቶች ላይ ችግር ነበር፣ ተስተካክሏል። ዋጋው ወደ 500 እና ከዚያ በላይ ስለሚሄድ በጀት ለጠበበው አልመክርም። ሳይሳብ ተኮሰ ተብሎ ብዙ ክስ የቀረበበት ፒ320 የሚባለው ሌላ ሞዴል ነው፣ አታምታቱ።

ታውረስ ጂ3ሲ። 12 ጥይት፣ ከ250 እስከ 300 ዶላር። የብራዚሉ ታውረስ ድሮ ስሙ ጥሩ አልነበረም፤ ሲወድቁ ይባርቃሉ በተባሉ የቀድሞ ሞዴሎቹ ላይ በቀረበ የጋራ ክስ አሜሪካ ውስጥ በስምምነት ከፍሏል። ያሁኖቹ የተሻሉ ናቸው፣ ግን ከሽጉጥ ሽጉጥ ይለያያል። ይሄን የሚገዛ ሰው ከታች ያለውን የጥይት ፈተና መዝለል አይችልም። ያገለገለ ታውረስ ደግሞ፣ በተለይ ፒቲ ከሚሉት ወገን የሆነ፣ ቢረክስም ይቅርባችሁ።

ሩገር ኢሲ9ኤስ። 7 ጥይት፣ ከ250 ዶላር አካባቢ ይጀምራል። ቀጭን፣ ቀላል፣ ማነጣጠሪያው ከብረቱ ጋር አብሮ የተቀረጸ ስለሆነ የማይቀየር። ለመተኮስ አያስደስትም፣ ግን ይሠራል።

ሺልድ ኢዚ። ስላይዱን (ከላይ ያለውን ተንሸራታች ብረት) ወደ ኋላ ስቦ ማቀባበል ለሚያቅተው ሰው የተሠራ ነው፤ ለእናቶችና የእጅ አንጓ ለሚያማቸው መጀመሪያ የማሳየው ይሄን ነው። በ9 ሚሊ ሜትርም በ380ም አለ። ያገለገለ የ9 ኢዚ ስትገዙ በ2020 የተመረቱት ለጥገና ተጠርተው ስለነበር ሲሪያል ቁጥሩን ኩባንያው ድረ ገጽ ላይ አረጋግጡ።

ሪቮልቨር (ጥይቱ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚሞላው ሽጉጥ) ቀላል ነው የሚሉ አሉ። አጠቃቀሙ ቀላል ነው፤ መተኮሱ ግን አይደለም። ስሚዝ 642 ዓይነቷ 5 ጥይት ብቻ ይዛ፣ ቃታዋ ረጅምና ከባድ ሆኖ፣ እጅ ታቃጥላለች። ለጀማሪ አልመርጣትም።

7. ሳትተኩሱ አትግዙ

የተኩስ መለማመጃ ሬንጅ ሂዱና ተከራዩ። ኪራዩ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዶላር ነው፣ ጥይቱ ለብቻ። ሦስት ሽጉጥ ሞክሩ። ስትሞክሩ እነዚህን እዩ፦ ስላይዱን በተከታታይ አምስት ጊዜ ማቀባበል ትችላላችሁ? እጃችሁን ሳታዞሩ የካርታ መልቀቂያውን አውራ ጣታችሁ ይደርስበታል? ጣታችሁ ቃታው ላይ የሚያርፈው ሳይንጠራራ ነው? ሃምሳ ጥይት ከተኮሳችሁ በኋላ አሁንም መተኮስ ትፈልጋላችሁ? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፣ የሚያሳምም ሽጉጥ ላይ ማንም አይለማመድም።

ከጓደኛ ጋር ስትሄዱ እሱ የወደደውን እንዳትገዙ። ባል ለሚስቱ መርጦ መግዛቱም ይቅር፤ እጁ የሷ ነው፣ ምርጫውም የሷ ይሁን።

8. ከየት ይገዛ?

ኦንላይን ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ ግን ቤት አይመጣም፤ ፈቃድ ያለው ሱቅ ጋ ደርሶ እዚያ ነው የወንጀል መዝገባችሁ ተመርምሮ የምትወስዱት፣ ሱቁም ከ20 እስከ 50 ዶላር ያስከፍላል። ይሄን ደምሩና ከአካባቢው ዋጋ ጋር አወዳድሩ። ያገለገለ ስትፈልጉ ፖሊሶች የመለሷቸውን ጠይቁ፤ ውጫቸው የተፋቀ፣ ውስጣቸው ግን ብዙ ያልተተኮሰባቸው ግሎኮችና ስሚዞች በጥሩ ዋጋ ይገኛሉ። ቃታው ወይም ስፕሪንጉ የተቀየረ፣ «አሻሽዬዋለሁ» የሚል ሰው የሚሸጠውን እለፉት። ቨርጂኒያ ከሐምሌ 2020 ጀምሮ ከግለሰብ ለሚገዛም ምርመራውን ግዴታ አድርጋ ነበር፤ ሕጉ ፍርድ ቤት ስለደረሰ አሁን ያለበትን ከስቴት ፖሊስ ድረ ገጽ እዩ። ያም ሆነ ይህ ፓርኪንግ ሎት ላይ በእጅ መቀባበል ይቅርባችሁ።

9. ሆልስተሩ የሽጉጡ ግማሽ ነው

ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ለዚያው ሞዴል የተቀረጸ፣ ካይዴክስ ከሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ሆልስተር ግዙ። ለሁሉም ይሆናል የሚባለው የጨርቅ ሆልስተር የ15 ዶላር ችግር ነው። ኪስ ውስጥ ወይም ሱሪ ውስጥ ያለ ሆልስተር መሻጥ አገር ቤት ብዙ አይተናል፤ ማካሮቭ ግን መቆለፊያ አለው፣ ብዙ ሰውም ጥይት ሳያጎርስ ነው የሚይዘው። እነዚህ አዳዲሶቹ ቃታቸው ቀላል ነው፣ ሸሚዝ ጫፍ ቢገባበት ይባርቃል።

መልሳችሁ ስታስገቡ ቀስ በሉ፣ ዓይናችሁን ጣሉበት። ማንም አያጣድፋችሁም። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሰው ከፊት በኩል መታጠቅ ሆድ ይወጋል፣ ከጎን ወደ ኋላ መታጠቅ ደግሞ ከመኪና ቀበቶ ጋር ይጣላል፤ ሁለቱንም ባዶ ሽጉጥ ይዛችሁ ቤት ውስጥ ሞክሩ። ቦርሳ ውስጥ መያዝን አልወደውም። ቦርሳ ይነጠቃል፣ ወንበር ላይ ይረሳል፣ ልጅ ከረሜላ ፍለጋ ይገባበታል። ሌላ መንገድ ከሌለ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ኪስ ያለው፣ ከትከሻ የማይወርድ ይሁን።

10. ጥይትና ፈተና

ለመለማመጃ ሙሉ መዳብ የለበሰውን 115 ግሬይን (የጥይቱ አረር ክብደት መለኪያ ነው) ግዙ፣ ርካሹ ይበቃል። ለመታጠቂያ ግን አፉ ጎድጎድ ያለውን፣ ሆሎው ፖይንት። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ስለሚሰፋ አልፎ ከኋላ ያለውን ሰው የመምታት ዕድሉ ይቀንሳል። ፌዴራል ኤችኤስቲ ወይም ስፒር ጎልድ ዶት 124 ግሬይን ብትይዙ አትሳሳቱም።

አዲሱን ሽጉጥ ከሣጥን አውጥታችሁ አትታጠቁት። መጀመሪያ የፋብሪካውን ዘይት ጥረጉና በትንሹ ቀቡት። ከዚያ 200 መለማመጃና 50 የመታጠቂያ ጥይት ተኩሱበት፣ ሁሉንም ካርታዎች እየቀያየራችሁ። ካርታዎቹን በቁጥር ምልክት አድርጉባቸው፤ ሲነክስ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ አንዱ ካርታ ነው፣ ቁጥሩ ያጋልጠዋል። መጀመሪያ ሃምሳ ላይ አንድ ሁለቴ ቢነክስ ይታለፋል። ከዚያ በኋላ የሚነክስ ከሆነ ጥይቱን ቀይሩ፣ ካርታውን ቀይሩ፣ ካልሆነ ለአምራቹ ላኩት። «ይለመዳል» ብላችሁ አትታጠቁት። በየወሩ 50 ጥይት መተኮስ ከቻላችሁ ከብዙ ባለ ፈቃድ ትሻላላችሁ።

11. ቤት ውስጥ

ልጅ ያለበት ቤት የሚቆለፍ ሣጥን አማራጭ የለውም። ከፍ ያለ መደርደሪያ፣ ፍራሽ ስር፣ ሻንጣ ውስጥ፣ ልጆች ሁሉንም ያውቁታል። ሜሪላንድ የተጎረሰ መሣሪያ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ መተውን በወንጀል ትጠይቃለች፣ ቨርጂኒያም ከ14 በታች ላለ ልጅ ተመሳሳይ ሕግ አላት። መኪና ውስጥ አታሳድሩት፤ የተሰረቀ ሽጉጥ ብዙውን ጊዜ ከመኪና የወጣ ነው። እቤት ውስጥ በጭንቀት የተጎዳ፣ ራሱን ሊጎዳ ይችላል የምትሉት ሰው ካለ ደግሞ ግዢው ይቆይ። ቀድሞ ካለም ለጊዜው ከቤት ይውጣ፤ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ላለበት ሰው በተዘጋጀው የእርዳታ መስመር በ988 ደውሎ መነጋገርም ይቻላል።

12. ፖሊስ ሲያስቆማችሁ

መስኮት አውርዱ፣ ማታ ከሆነ የውስጥ መብራት አብሩ፣ ሁለት እጃችሁን መሪው ላይ አድርጉ። «የመታጠቅ ፈቃድ አለኝ፣ አሁን ሽጉጥ ይዣለሁ፣ ምን ላድርግ?» በሉ፣ በእንግሊዝኛ አስቀድማችሁ ተለማመዱት። «ገን» የሚለውን ቃል ብቻውን ጮክ ብላችሁ አትጥሩት። መንጃ ፈቃድና የመታጠቂያ ፈቃዳችሁን ሽጉጡ ካለበት ጎን ርቆ ባለ ኪስ አስቀምጡ፣ እጃችሁን እዚያ ለማስገባትም መጀመሪያ ተናግራችሁ፣ ፖሊሱ እሺ ካላችሁ በኋላ ቀስ ብላችሁ አስገቡ።